ከመምህሩ ደፍ ልክ

አባቷ ፊቱን የታጠበበትን ውሃ ዛሬም ወደ ጓሮ ወስዶ ደፋው። ሦስተኛ ቀኑ ነው። መነጽሩን ሁልጊዜ ከሬዲዮው በስተቀኝ የሚያስቀምጥ፣ ሻዩ ላይ ከሁለት ማንኪያ ስኳር ጨምሮም ቀንሶም የማያውቅ፣ ጡረታ ከወጣ አሥር ዓመት አልፎት እንኳ ሸሚዙን ሳይተኩስ ከቤት የማይወጣ ሰው ነው። ነፍስ ካወቀችበት ቀን ጀምሮ ጠዋት ጠዋት ሳፋውን ይዞ በፊት በር ይወጣል፤ ደፉ ላይ ይቆማል፤ ወደ ግራ፣ ወደ መንገዱ፣ አንዴ ይቸልስና ሳፋውን ሁለት ጊዜ አራግፎ ይመለሳል። እሷና ወንድሟ ለትምህርት ቤት የሚነሱት በዚያ ድምፅ ነበር። አሁን ግን አልጋዋ ላይ ጋደም እንዳለች የሰማችው የጓሮው በር ሲጢጥ ሲል፣ ውሃውም ሎሚው ሥር ሲወድቅ ነው። ሰው በስተርጅና ልማዱን ከቀየረ ወይ ታሟል ወይ አንድ ነገር ደብቋል፣ አለች በልቧ። ሲያስለው አልሰማችም፤ ትናንት ራቱንም ጠርጎ በልቷል። ስለዚህ ደብቋል።

ተነሳች። ከበርሜሉ ሦስት ጣሳ ውሃ ቀድታ ሳፋው ውስጥ ገለበጠች፤ ነጠላ ጫማዋን አጥልቃ በፊት በር ወጣችና እሱ በሚቆምበት ቆማ፣ እሱ እንደሚያደርገው፣ ወደ ግራ ቸለሰችው። ባለፈው ወር የተነጠፈው ጥርብ ድንጋይ ገና እግር ስላልጠገበ ጠርዙ ስለታም ነው፤ በመሐል በመሐሉ የተጠቀጠቀው አሸዋም አልረጋም። ውሃው መሄድ የነበረበት ቁልቁል፣ አራት እርምጃ ብቻ፣ ወደ ተቆፈረው ቦይ አፍ ነው። ሁለት እርምጃ ሄደ። ከዚያ ቆም አለ፤ በድንጋዮቹ መሐል መንገድ እየፈለገ ክር ክር ሆነ፤ ወዲያው ወደ ቀኝ ዞረና አሸዋውን አስከትሎ ከመንገዱ ማዶ ባለችው በአጣቢዋ የቆርቆሮ በር ሥር፣ እንደተጠራ እንግዳ ሳያንኳኳ፣ ሰተት ብሎ ገባ።

ይህን ያየ ሌላ ሰው ቢሆን "ውሃ ነው፣ የራሱ ጉዳይ" ብሎ ሳፋውን ይዞ ይመለስ ነበር። የዚህ መንገድ ልክ ግን በእሷ እጅ ነው። በነጣፊዎቹ ቡድን ውስጥ ድንጋይ የሚጠርበው ሌላ፣ አሸዋ የሚደለድለው ሌላ፣ የሚያነጥፈው ሌላ ነው፤ ውሃ የሞላውን ረጅም ቀጭን ጎማ ይዛ ከዳር እስከ ዳር ከፍታውን የምታመሳክረው እሷ ነች። በስሟ የምትጠራት እናቷ ብቻ ነበረች፣ እሷም ካረፈች ቆይታለች። ሰፈሩ "ውሃ ልክ" ይላታል። "ውሃ ልክ፣ እስቲ ነይ ይህን ግድግዳ እዪልኝ፣ ሰክሯል መሰለኝ" ይሏታል፤ ሄዳ ታያለች፤ አብዛኛውን ጊዜ ሰክሯል። ስሙን ትወደዋለች፤ ለማንም ተናግራ ግን አታውቅም።

ከሦስት ወር በፊት ሰፈርተኛው ተሰብስቦ ሳለ ፎርማኑ "ልኩን ከየት እንያዝ?" ብሎ ጠየቀ። መንገድ ሲሠራ አንድ የማይነቃነቅ ቦታ ይመረጥና ዜሮ ይባላል፤ የቀረው ሁሉ ከዚያ እየተለካ ነው ከፍ ወይም ዝቅ የሚለው። በደንቡ ከሆነ ከላይ እስከ ታች ተለክቶ፣ ተነጻጽሮ ነው የሚወሰነው። ግን ፎርማኑ አፉን ሳይገጥም አንዲት ባልቴት "ከመምህሩ ደፍ ነዋ፤ ስለ ውሃ ከሳቸው በላይ የሚያውቅ ማን አለ?" አሉና ሰው ሁሉ አጨበጨበ። አባቷ ሠላሳ አራት ዓመት ጂኦግራፊ ያስተማረ ሰው ነው፤ የሰፈሩ ግማሽ፣ ፎርማኑን ጨምሮ፣ ወንዝና ተራራን የተማረው ከእሱ ነው። ክብር ሆኖ ተነገረ፣ ክብር ሆኖ ጸደቀ። አባቷ ከወንበሩ ብድግ ብሎ አንድ ነገር ሊናገር ሲል ጭብጨባው ባሰና ተመልሶ ተቀመጠ። እሷም ልቧ ሞልቶ ቀይ ቀለም ይዛ ሄደች፤ ደፉ ጠርዝ ላይ መስመር አሰመረች፤ ከጎኑም ክብ ዜሮ ጻፈች።

አሁን ያንን ቀይ መስመር አጎንብሳ አየችው። አልተነቃነቀም። ጎማዋም አይዋሽም፤ በጎማ ውስጥ ያለ ውሃ ለዘመድ አያዳላም። ታዲያ ማን ዋሸ? ለመነሳት እጇን የበሩ መቃን ላይ ስታሳርፍ ጣቷ የቢላ ጭረት ላይ አረፈ። ግራው መቃን ላይ የሁለት ልጆች ቁመት አለ። አባታቸው በየዓመቱ ጀርባቸውን ለእንጨቱ ሰጥቶ ያቆማቸውና አናታቸው ላይ መጽሐፍ አጋድሞ በቢላ ይጭር ነበር፤ ቁጥር የሌለው ልኬት ወሬ ነው የሚል ሰው ስለሆነም ከእያንዳንዱ ጭረት ጎን ቀኑንና ሳንቲሜትሩን በብዕር ጽፏል። የሰባት ዓመቷ ጭረት አጠገብ 112 ይላል። ከኪሷ ሜትሯን አወጣችና ከደፉ እስከ ጭረቱ ለካች። 91። እንደገና ለካች። 91። የወንድሟን 134 ለካች፤ 113 ሆነ። ሁለቱም ልጆች በአንድ ጊዜ ሃያ አንድ ሳንቲሜትር አጥረዋል።

እዚያው ተቀመጠች። ሩቅ አገር መንገድ ሥራ ላይ ሁለት ክረምት ከርማ የተመለሰች ሰሞን በዚህ በር በገባች ቁጥር እግሯን እንቅፋት ይመታት ነበር። ወንድሟ "ከተማ ረሳሽ፣ እግርሽ ገጠሬ ሆነ" ብሎ ሲስቅባት እሷም አብራ ስቃለች። የደፉ ሊሾ አዲስ መሆኑን አይታለች፤ ከሊሾው ሥር ምን እንዳለ ግን ማን ነገራት? አባቷም በበሩ ሲወጣ ጎንበስ ማለት ጀምሮ ነበር። እርጅና መስሏት አዝና፣ ያዘነችው እንዳይታወቅባት ፊቷን አዙራ ነበር። ለካ ጉበኑ ነው። ለካ ሰውየው አላጠረም፣ በሩ ነው ያጠረው።

ለወንድሟ ደወለች። ከተማው ዳር የእንጨት ሥራ ቤት አለው።

"ስንት ነው ያነሳኸው?"

"በማለዳው ሰላምታ የለም? ምኑን?"

"ደፉን።"

ከኋላው መጋዝ ይጮኻል። "አባባ ነገረሽ?"

"መቃኑ ነው የነገረኝ። ስንት?"

"አንድ ብሎኬት። ከላዩ ሊሾ። በሩንም ከሥር ቆረጥኩት። ያኔ ውሃው ገብቶ ካርታዎቹን ሲያበሰብስበት ብታዪው ምን ትያለሽ፣ አለቀሰ እኮ። ምን ላድርግ?" ድምፁን ዝቅ አደረገ። "ለማንም እንዳትናገር ብሎኝ ነው። ላንቺም።"

ብሎኬት ሃያ፣ ሊሾ አንድ። ሒሳቡ አልተዛነፈም። መንገዱ በሙሉ ከዚህ ደፍ ተለክቶ ስለተነጠፈ፣ መንገዱም አንድ ብሎኬት ከመሬቱ በላይ ተሰቅሏል ማለት ነው። ከማዶ ያሉት አሥራ አንድ ቤቶች ደግሞ ከመንገዱ በታች ቀርተዋል። ዛሬ ረፋድ ላይ የቦዩ አፍ ኮንክሪት ይሞላል። ከዚያ በኋላ ስሕተቱ ይደርቃል፤ የደረቀ ስሕተት ደግሞ በዲጂኖም አይነቀልም።

ገብታ ሻይ ቀዳች። ክፍሉ ጠባብ ነው፤ ግድግዳው ላይ ሦስት የትምህርት ቤት ካርታዎች ተሰቅለዋል፤ የሦስቱም የታችኛው ጫፍ ቡናማ ሆኖ ተኮማትሯል፤ በአንደኛው ላይ ደቡባዊው ውቅያኖስ እስከ ምድር ወገብ ሊደርስ ጥቂት ነው የቀረው። አባቷ ዳቦውን በሻዩ እየነከረ ሬዲዮ ይሰማል። ልትጠይቀው አፏ ድረስ መጣ። ግን በእነሱ ቤት ዝምታ ቦታ ያለው ዕቃ ነው፤ ማንም አይገፋውም፣ ዙሪያውን ነው የሚኬደው። እናቷ ስትሞትም እንዲሁ ዙሪያውን ሄደውታል።

"ደመናው ከኮረብታው ወርዷል" አለ አባቷ በመስኮቱ እያየ። "ከሰዓት በኋላ አይቀርም።"

"አይቀርም።"

"ዛሬ ነው ኮንክሪቱ?"

"ዛሬ ነው።"

ዳቦው ሻዩ ውስጥ ተቆርጦ ወደቀበት። በማንኪያ ሊያወጣው ሞከረ፣ ተወው። ከዚያ ተነስቶ ከአልጋው ጫፍ ሁለት የታጠፉ ነጭ አንሶላዎች አመጣ። "ስትሄጂ ለጎረቤታችን አድርሽልኝ፣ ትጠብልኝ።" ተቀበለችው፤ የሳሙና ሽታው አልለቀቀም፤ የካውያው መስመር እንኳ አልጠፋም። "ንፁህ ነው እኮ አባባ።" "አቧራ ይዞታል" አለ፣ ሳያያት።

የአጣቢዋ ቤት ከመንገዱ ማዶ ነው፤ ጎንበስ ተብሎ ተወርዶ ይገባል። ድሮ ጎንበስ ብቻ ነበር፤ መወረድ የመጣው አሁን ነው። ግቢዋ ውስጥ ከዳር እስከ ዳር ገመድ ተወጥሯል፤ የሰው ሸሚዝ፣ የሰው መጋረጃ፣ የሰው ሕፃን ልብስ ተሰጥቶበታል። በሩ ክፍት ስለነበር ውስጡ ይታያል። አልጋው በአራት ጥንድ ጡብ ላይ ቆሟል። ግድግዳው ላይ ዙሪያውን የሚሄድ፣ ማንም ያላሰመረው፣ ማንም ግን እንዲህ ቀጥ አድርጎ ሊያሰምር የማይችል ቡናማ መስመር አለ፤ ያለፈው ክረምት ውሃ የቆመበት። ለኪዋ በዓይኗ ለካችው። ከወለሉ አንድ ክንድ ይሆናል። በሩ ሥር የገባው የጠዋቱ ውሃ ገና አልደረቀም።

"ደሞ ንፁህ አንሶላ?" አለች አጣቢዋ፣ እጇን ከአረፋው አውጥታ በቀሚሷ እየጠረገች። ሃምሳውን ያለፈች፣ ትከሻዋ ሰፊ፣ አፏ የማይታማ ሴት ነች። "አባትሽ ሳሙናዬን እያሳቁብኝ ነው። የዛሬ ሳምንትም ንፁህ፣ ከዚያ በፊትም ንፁህ። ሳጥበው ይቆሽሽብኝ ይሆን ብዬ እፈራለሁ።"

"ከመቼ ጀምሮ ነው የሚልክልሽ እትዬ?"

"ካለፈው ክረምት ወዲህ ነዋ። ውሃው ከገባብኝ ወዲህ።" ወደ መንገዱ ቀና ብላ አየች፤ ከተቀመጠችበት የሚታያት የሰው ቁርጭምጭሚት ነው። "መንገዱም እንደ ሀብታም ዘመድ ቁልቁል ያየኝ ጀምሯል።"

"ታዲያ ለምን አልተናገርሽም?"

አጣቢዋ አንሶላውን ተቀብላ ጭኗ ላይ አስቀመጠችው፤ በእጇ ዳበሰችው። "ምን ብዬ? ከመምህሩ ደፍ ልክ ነው ተብሏል። ልጆቼን ያለ ሳንቲም ያስጠኑልኝ ሰው ናቸው። ደፍዎ ጠሟል ልበላቸው?"

ለኪዋ ወጥታ ሄደች። እስከ መንገዱ የላይኛው ጫፍ ወጣችና አሥራ አንዱን በሮች አንድ በአንድ እያየች ወረደች። ልብስ ሰፊው በሩ ላይ ሁለት ጆንያ አሸዋ ደርድሯል። ብስክሌት ጠጋኙ ደፉን በቆርቆሮ ከልሏል። ሁሉም አይተዋል። ሁሉም በየበራቸው ለየብቻ መክተዋል። አንድም ሰው አልተናገረም።

ታች ቦዩ አፍ ዘንድ የኮንክሪት መቀላቀያው ማሽን መጥቶ ቆሟል። ፎርማኑ ጠጠር ያስጭናል፤ አርባ ዓመት ቢሆነው ነው፤ ኮፍያውን ወደ ኋላ ገልብጦ ነው የሚያደርገው።

"ቦዩን ዛሬ አትሙላው" አለችው፣ ጎማዋን ከመሣሪያዎቹ መሐል እያነሳች።

"ደህና አደርሽ ውሃ ልክ።"

"ደህና አደርክ። አትሙላው።"

"ማሽኑ በሰዓት ነው የሚታሰበው። ዝናቡም ያው" ብሎ በአገጩ ኮረብታውን አመለከታት፤ "እዚያ ቆሞ ካፖርቱን እየለበሰ ነው። ምን ሆነሽ?"

"ልኩ ተሳስቷል።"

"ልኩ ከመምህሩ ደፍ ነው የተያዘው።"

"አውቃለሁ።"

"ደፍ ቆሞ የሚኖር ነገር ነው፣ አይሳሳትም። የሚሳሳተው ሰው ነው። ማን ነው የተሳሳተው?"

ነጣፊዎቹ መዶሻቸውን አሳርፈው አዩዋት። እውነቱ ሁለት ቃል ነው፤ ሁለቱን ቃል ብትናገር የአባቷ ስም በዚህ መንገድ ላይ እንደ ተነቀለ ድንጋይ ይንከባለላል። ከዚህ በኋላ ማን መምህር ብሎ ይነሳለታል? ዝም ብትል ደግሞ ዛሬ ከሰዓት በኋላ የአጣቢዋ አልጋ ከጡቡም በላይ ይዋኛል። በጎማዋ ጫፍ ያለውን ውሃ አየችው፤ እንደ ሁልጊዜው ይወዛወዛል፣ ከዚያ ይረጋል።

"እኔ ነኝ" አለች። "እኔ ነኝ የተሳሳትኩት።"

"በስንት?"

"በሃያ አንድ።"

"ሚሊ?"

"ሳንቲ።"

ፎርማኑ ኮፍያውን አወለቀ። ከነጣፊዎቹ አንዱ በጥርሱ መሐል አፏጨ። "እንግዲህ ከዛሬ ጀምሮ ውሃ ልክ አይደለሽም" አለ ሌላው፤ "ውሃ ገደማ ነሽ።" ሳቁ መንገዱን ተከትሎ ወጣ፤ በየበሩ ሰው ብቅ ብቅ አለ። ፎርማኑ አልሳቀም። ከመንገዱ የላይኛው ጫፍ እስከ ቦዩ አፍ የተነጠፈውን በዓይኑ ቆጠረ፤ አርባ እርምጃ፤ የስድስት ሰው የሳምንት ሥራ። "ጎማውን አስቀምጪው" አላት፣ ቀስ ብሎ፣ ሰው ሲቀበር እንደሚነገር። ጠቅልላ አስቀመጠችው። የጎማው ውሃ በሁለቱም ጫፍ ፈሶ ጫማዋን አራሰው። ካሰበችው በላይ ከበዳት፤ ያ ጎማ በእጇ ከሌለ ሰዎች ምን ብለው እንደሚጠሯት አላወቀችም።

ያን ጊዜ የአባቷ በር ተከፈተ። ሳፋ ይዟል፤ ሳፋው እስከ አፉ ሞልቷል። ጉበኑ ሥር ጎንበስ ብሎ ወጣ፤ ደፉ ላይ ቀና አለ። ሸሚዙ ተተኩሷል። የቤታቸው መስኮት ክፍት እንደነበረና ሁሉን እንደሰማ ያን ጊዜ ነው የገባት።

"ፎርማን" አለ።

"አቤት መምህር።"

"ይህ መንገድ ለምንድን ነው የሚጠመዝዘው?"

ይህን ጥያቄ የማያውቅ የሰፈር ሰው የለም። በየዓመቱ የመጀመሪያው ቀን፣ የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ላይ የሚጠይቀው እሱን ነበር፤ ሜዳ ላይ ያለ መንገድ ማን አስገድዶት ነው የሚጠመዝዘው? ፎርማኑ ኮፍያውን በሁለት እጁ ያዘ፤ ድንገት የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ መሰለ።

"መጀመሪያ የሄደበት ውሃ ስለሆነ ነው፣ መምህር።"

"ጎበዝ። ጅረት ነበር። እኛ መጥተን በላዩ ቤት ሠራን፤ ኮረብታውን መንጥረን ጣሪያ አለበስነው። አፈር ይጠጣል፣ ጣሪያ አይጠጣም። ስለዚህ ድሮ በሦስት ቀን ይወርድ የነበረው ውሃ አሁን በአንድ ሰዓት ይወርዳል። እስከዚህ ድረስ አስተምሬአችኋለሁ።" ሳፋውን ወደ ግራ ደፋው። ሰው ሁሉ በዓይኑ ተከተለው። ውሃው ሁለት እርምጃ ሄደ፤ ቆመ፤ ዞረ፤ በአጣቢዋ በር ሥር ገባ። "ያላስተማርኳችሁ ይህን ነው። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ። ልጄ አልተሳሳተችም፤ ከደፉ ለኪ አላችኋት፣ ከደፉ ለካች። የዋሸው ደፉ ነው። አንድ ብሎኬት ያስነሳሁት እኔ ነኝ። እኔ ቤት እንዳይገባ የከለከልኩት ውሃ የት እንደሄደ በመስኮቴ አይቻለሁ።"

አንድ ሕፃን ከእናቱ ጀርባ ላይ ሆኖ ሳፋውን እያየ እጁን ያወናጭፋል።

"በስብሰባው ቀን ልናገር ተነስቼ ነበር" አለ አባቷ፣ ድምፁ ዝቅ ብሎ። "አጨበጨባችሁልኝ። ደስ አለኝና ተቀመጥኩ።"

አጣቢዋ በሯ ላይ ቆማለች። ከእጇ ነጩ አንሶላ ይንጠባጠባል።

"ያኔ በክረምቱ ሦስት ቀን ሙሉ ፍራሼን ፀሐይ ላይ ሳገላብጥ ያዩኝ ነበር?" አለችው።

"አይሽ ነበር።"

"ከዚያ አንሶላ ላኩልኝ።"

"ላክሁ።"

"ፍራሽ አጥቶ ለተኛ ሰው አንሶላ ምን ይሠራለታል፣ ጋሼ?"

አባቷ ባዶውን ሳፋ ደረቱ ላይ አስደግፎ ያዘ። ለኪዋ ልትቀበለው አንድ እርምጃ ተራመደች፤ ግን አጣቢዋ ቀደመቻት፤ መንገዱን ወጥታ ሳፋውን ከእጁ ወሰደችና የጨመቀችውን አንሶላ ውስጡ ጣለችው።

"እኔም ብሆን መንገዱ ከበሬ በላይ ሲቆለል አይቼ አፌን ዘግቻለሁ" አለች፣ ለእሱም ለሰዉም። "እርስዎ እኔን አፍረው፣ እኔ እርስዎን አፍሬ፤ ተከባብረን ልንሰጥም ነበር እኮ።"

መጀመሪያ የሳቀው ልብስ ሰፊው ነው። ከዚያ ብስክሌት ጠጋኙ "እኔስ? ቆርቆሮ ገዝቼ ነው የተከባበርኩት" አለ። ሳቁ ሙሉ አልነበረም፤ ዳር ዳሩ ላይ ቁጣ ነበረበት፤ አንዲት ሴት ሳትስቅ በሯን ዘግታ ገባች። ግን አየሩ ላላ። ፎርማኑ ማሽን ነጂውን ወደ ጎን ወስዶ ለነገ እንዲመጣ ተለማመጠው፤ ነጂው ተሳደበ፣ ፎርማኑም መለሰለት፣ ተስማሙ። ከዚያ ወደ ሰዉ ዞሮ ከሦስት ወር በፊት የጠየቀውን ጠየቀ።

"እሺ። ልኩን ከየት እንያዝ?"

ዓይኑ ሁሉ ከልማዱ የተነሳ ወደ መምህሩ ሄደ። አባቷ ራሱን ነቀነቀና ጣቱን ወደ አጣቢዋ በር ዘረጋ።

"ከዝቅተኛው በር። ውሃን ከላይ ሆነው አይለኩትም።"

ፎርማኑ የተጠቀለለውን ጎማ ከመሬት አነሳ፤ በክርኑ አቧራውን ጠረገለትና ምንም ሳይናገር ለለኪዋ ዘረጋላት። ከበርሜሉ ውሃ ሞላችበት። ሁለተኛውን ጫፍ የሚይዝ ሰው ያስፈልጋት ነበር፤ ቀና ስትል አባቷ በአጣቢዋ ደፍ ላይ ተንበርክኳል፤ የተተኮሰ ሱሪው ጉልበቱ ላይ ጭቃ ነክቷል፤ መነጽሩን ወደ ግንባሩ ሰቅሎ የጎማውን ጫፍ ከደፉ ጋር አጋጥሞ ይዟል። እሷ ወደ መንገዱ የላይኛው ጫፍ ሄደች። በመሐላቸው አርባ እርምጃ ጎማ ተዘረጋ። ውሃው ወደ እሷ ወጣ፣ ወደ እሱ ወረደ፣ ተወዛወዘ።

"ረጋ?" አለች።

"ቆይ" አለ። ከዚያ "ረጋ።"

ምልክት አደረገች። በዚያ ቤት ውስጥ ስንት ዓመት ዙሪያውን ሲሄዱት የኖሩትን ነገር በሁለት ቃል እንደተነጋገሩት ተሰማት፤ ይሁን እንጂ ሥራ ላይ ነበረችና ወደሚቀጥለው ነጥብ ሄደች።

እስከ ስምንት ሰዓት ድረስ አሥራ ስምንት እርምጃ ድንጋይ ተነቀለ። የቡድኑ ሰው አይበቃም ነበር፤ ግን በየበሩ የቆመው ሰው ቁጭ ብሎ ማየት አልሆነለትም። ልብስ ሰፊው የደረደራቸውን የአሸዋ ጆንያዎች ፈትቶ ለመንገዱ ደፋቸው። ባልቴቷ፣ ያኔ "ከመምህሩ ደፍ ነዋ" ያሉት፣ በርጩማ አውጥተው ተቀምጠው "እኔ ድሮም ጠርጥሬ ነበር" ይሉ ነበር፤ ማንም አላመናቸውም፣ ማንም አልተከራከራቸውም። "ውሃ ገደማ" ያላት ነጣፊ ባሬላ ተሸክሞ ባጠገቧ ባለፈ ቁጥር ቀልዱን መልሶ ለመዋጥ የፈለገ ይመስል ጉሮሮውን ይጠርጋል፤ በሦስተኛው ላይ "ውሃ ልክ፣ እዚህ ጋ ስንት ላውርድ?" አላት። ነገረችው። ወንድሟም ሳይጠራ መጣ፤ መሮና መዶሻ ይዟል። "ያነሳሁትን ላወርድ ነው" አለና ደፉ ሥር ተቀመጠ። ሊሾው በአንድ ምት ተሰነጠቀ፤ ብሎኬቱ ግን እየተነጫነጨ ነው የወጣው። ከሥሩ የድሮው ደፍ ብቅ አለ፤ መሐሉ በእግር ብዛት ጎድጎድ ብሎ፣ ደረቅ አፈር ለብሶ፣ ልክ እንደተዉት። ወንድሟ በመዳፉ ጠረገው። "ካርታዎቹስ አባባ?" አለ። አባታቸው "ያኔ ቦይ አልነበረም" ብሎ መለሰ፤ "አሁን መንገዱ ከሁላችንም በታች ይሆናል። ባይሆንም እሰቅላቸዋለሁ። ግድግዳው ረጅም ነው።"

ዝናቡ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ጣለ። ግማሽ መንገድ ድንጋይ፣ ግማሽ መንገድ የተቆፈረ አፈር ሆኖ ሳለ መጣ። ሰው ሁሉ መሣሪያውን ጥሎ ክዳን ሥር ገባ፤ የላይኛው ረድፍ የታችኛው ሰው ቤት፣ የታችኛው የላይኛው ሰው ቤት፣ ማን የት እንደገባ ሳይመርጥ። ለኪዋ ከአጣቢዋ ጋር ነበረች። ቆርቆሮው ላይ የሚወርደው አያስወራም። ውሃው ከኮረብታው በኩል መጣ፤ መጀመሪያ አረፋና ቅጠል፣ ከዚያ ቀይ ሆኖ፣ ከዚያ ብዙ ሆኖ። ድንጋዩ እስካለበት ድረስ እየተንከባለለ ወረደ። የተቆፈረው ቦታ ሲደርስ ቆም ያለ መሰለ። አጣቢዋ የለኪዋን ክንድ ይዛለች፤ ጣቶቿ በሳሙና የተቆራረጡ፣ ጠንካራ ናቸው። ውሃው ጎድጓዳውን ሞላ፣ ወደ በሩ አንድ ምላስ ዘረጋ፣ ደፉን ላሰው። ከዚያ ወደ ግራ ዞረና ኮንክሪት ያልነካው፣ ገና አፈር የሆነው ቦይ ውስጥ፣ እየጮኸ፣ ሰተት ብሎ ገባ።

"ኧረ እሰይ" አለች አጣቢዋ በለሆሳስ። ክንዷን ግን አልለቀቀቻትም።

ዝናቡ ሲያባራ ገና ብርሃን ነበር። ሃያ ሁለት እርምጃ የሚነቀል ድንጋይ ቀርቷል፤ የተነቀለው እንደገና ይነጠፋል፤ ማሽኑም ነገ ይመጣል፤ ፎርማኑ እነዚህን ሁሉ እየቆጠረ ጭቃ ውስጥ ይመላለሳል። በሯን ዘግታ የገባችው ሴት ብቅ ብላ ደፏን አየች፤ ደረቅ ነው፤ መጥረጊያ ይዛ ወጣችና በፊቷ ያለውን ጭቃ ወደ ቦዩ ትገፋ ጀመር። አባቷ እጁን በሳፋው ታጥቦ ውሃውን ሊደፋ በፊት በር ወጣ፤ ጉበኑ ሥር ሲደርስ ከልማድ የተነሳ ጎንበስ አለ፤ ከዚያ ትዝ ያለው ይመስል ቆም አለና ቀስ ብሎ፣ ገና በደንብ ያላመነ ሰው እንደሚያደርገው፣ ቀና አለ። ጉበኑ አልነካውም። ውሃውን ወደ ግራ ቸለሰው፤ ሳፋውን ሁለት ጊዜ አራገፈ።

ለኪዋ ጎማዋን ትከሻዋ ላይ ጠቅልላ ከኋላው ልትገባ መጣች። ደፉ ዘንድ ስትደርስ እግሯ በራሱ ከፍ አለ፤ የሌለውን ብሎኬት ተሻገረና ባዶ አየር ረግጦ ተንደረደረ፤ መቃኑን ባትይዝ ኖሮ በግንባሯ ነበር። የያዘችው ጭረቶቹን ነው። ወንድሟ ከውስጥ ሆኖ ሳቀ። አባቷም ሳቀ፤ ሲስቅ ከሰማችው ቆይታ ነበር።

"ደፉ ወርዷል" አለችው፣ እግሯን እያሸች። "እግሬ ግን ገና አልሰማም።"

"ይሰማል" አለ አባቷ። "ቀስ ብሎ ይሰማል።"